ሦስተኛው ፔዳል

መኪናችን መሄድ ያቆመችው ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። ሞተሯ አልጠፋም። ባለቤቴ ነዳጅ ሲሰጣት ታጓራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ካለችበት ግን ንቅንቅ አትልም፤ በሕልሙ እንደሚሮጥ ሰው፣ ጉልበት እያለው መንገዱ አልሄድ እንደሚለው። ያን ጠዋት ከሐይቁ የተነሣው ጭጋግ ገና አልገፈፈም ነበርና ዘንባባዎቹም፣ ነጠላቸውን ያጣፉት ሰዎችም፣ ከፊታችን የቆመው ባጃጅም ወተት ውስጥ የተነከሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የጀመርኩትን ጸሎት በልቤ እየጨረስኩ ነበር። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ።

«ሞተሩ አይደለም» አለኝ በመጨረሻ። «ካምቢዮው ነው።»

የሚያውቁን ሰዎች መጥተው ወደ ዳር ገፉን። ልወርድ ስል «ተቀመጪ» አለኝ። እየተገፋም መሪውን አልለቀቀም፤ ራሱ የሚነዳት ይመስል ቀስ አድርጎ አዙሮ ከዛፍ ጥላ ሥር አቆማት።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ደጋ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ የሚነጣበት አገር። ወደ ሐዋሳ ያመጣኝ ሥራ ነው። የዘር ጥራት በሚመረመርበት ቤት ውስጥ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ከተዘረጋው የበቆሎና የቦሎቄ ፍሬ የትኛው እንደበቀለ የትኛው እንደቀረ እለያለሁ። ለአጭር ጊዜ ብዬ መጥቼ ፀጉሬ እዚህ ሸበተ። ባለቤቴ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ አባቱ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። በሕፃንነቱ የያዘው በሽታ ግራ እግሩን አስልሎበት ሄዷል። እግሩ አለ፣ አይታዘዝም እንጂ። በክራንች ይሄዳል። ፒያሳ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችው።

መኪናዋን ያገኛት ከመጋባታችን በፊት፣ አገር ሊለቁ ከተሰናዱ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነው። ጀርመን ሠራሽ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አታንስም። ቀለሟ እንደ ሐይቁ ነው፤ ደመና ሲሆን አመድማ፣ ፀሐይ ሲወጣ አረንጓዴ። አውቶማቲክ ናት። በዚያን ጊዜ በከተማው አውቶማቲክ የቤት መኪና ብርቅ ስለነበር ሰፈሩ «በራሷ ሂያጅ» ይላት ነበር አሉ። ለእሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌሎቹ መኪኖች ሦስት ፔዳል አላቸው፤ እሷ ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ ነዳጅና ፍሬን። ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። ግራ እግሩን የሚጠይቀው የለም።

ባለቤቴ በመንገድ ሲሄድ ሰው ያዝንለታል። ክራንቹን አይተው ወንበር የሚለቁለት፣ ሳይጠይቃቸው ክንዱን የሚይዙት፣ «እግዜር ይማርህ» እያሉ የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ክፋት የላቸውም፤ እሱም አይቆጣም። መሪ ሲይዝ ግን የሚያዝንለት ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ነው የሚመጣው። በሰፈራችን የታመመ ሲኖር፣ ምጥ የያዛት ስትኖር፣ የእድር ድንኳንና ወንበር የሚጫንበት ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቆልፍ ይወጣል። ለእኔ ይህ በጎ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መኪናዋ ቆማ ሳይ ነው ለእሱ ምን እንደሆነ የገባኝ።

መኪናዋን የሚያይልን መካኒክ ጋራዡ ከመናኸሪያ ጀርባ ነው። የወላይታ ሰው ነው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የወንጌል አማኝ። ሥራ ላይ ሲሆን ከመኪና ሥር መዝሙር ይዘምራል። ድምፁ ከብረቱ ጋር ሲያስተጋባ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። መኪናዋን በገመድ አስጎትተን ወሰድንለት። ከሥሯ ገብቶ ዘምሮ ዘምሮ ሲወጣ ግንባሩ በዘይት ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልችልም» አለው። እንደሚችል ኋላ አየን። «ይሄ ካምቢዮ ሞቷል። ነፍሱን ይማር።»

«ዕቃ አይገኝለትም?»

«አዲስ አበባ ድረስ ጠይቄያለሁ። እዚያም ያለው የሞተ ነው። አንድ መላ ብቻ ነው የቀረው፤ ይሄን አውርዶ በማርሽ የሚሠራውን መግጠም። ሻሸመኔ የወደቀች የእሷ እኅት አለች፤ ካምቢዮዋ ጤነኛ ነው። ወለሉን እቀድና የፍሪሲዮን ፔዳል እበይዳለሁ። ከዚያማ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።»

ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጥ ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይረገጣል፤ ካልተረገጠ ማርሹ አይገባም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መካኒኩ ተናግሮ ሲጨርስ ዓይኑ ክራንቹ ላይ አረፈና ደንግጦ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ከመናኸሪያው የረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ ዲላ፣ ሶዶ፣ ሻሸመኔ።

ባለቤቴ ሳቅ አለና «ሥራዋ እንጂ» አለው። «ቆማ ከምትበሰብስ።»

ከጋራዡ ወጥተን በባጃጅ ስንመለስ የተነጋገርነው ስለ ሽንኩርት ነው። በእኛ ቤት ከባዱ ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው። አንዳችን ሌላውን ላለማስከፋት ዝም እንላለን፤ ዝምታውም መስማማት ይመስላል። እኔ «ሥራዋ» ያለው መኪናዋን ስለሚወዳት ነው፣ ሌላ ሰው እየነዳትም ቢሆን በግቢው እንድትኖርለት ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም።

ሥራው የሚጀመርበትን ቀን መቁረጥ ራሱ ሥራ ሆነ። መካኒኩ ስልክ ደውሎ «ነገ ልጀምር» ሲል «ነገማ ሚካኤል ነው» አልኩት። በበዓል የተጀመረ ሥራ ደስ አይለኝም።

«እሺ፣ ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ትውላለች።»

«እሑድ ደግሞ እኔ ጸሎት ቤት ነኝ። እትዬ፣ የእርስዎንና የእኔን ብንደምረው መኪናዋ የምትሠራበት ቀን ላናገኝ ነው።»

በዚህ መካከል ነው አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጥኩት። ከኋላ ሆኜ ያለ ሐሳብ የሾፌሩን እጅ እመለከታለሁ፤ ጢማም፣ እጁ ላይ የክር አምባር ያሰረ ሰው ነው። ግራ እጁ ከመሪው ጋር ያለውን ብረት ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይጨብጣል። በጨበጠ ቁጥር ባጃጁ ትንፋሽ ይወስዳል።

«ይቅርታ ልጄ፣ የምትጨብጠው ምንድን ነው?»

«ፍሪሲዮን ነዋ ማዘር።»

«በእጅ?»

«ታዲያ በምን? ባጃጅ ላይ እግር ሥራ የለውም እኮ፤ ፍሬን ብቻ።» በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «ምነው፣ ሊገዙ ነው?»

ወደ ቤት መሄዱን ትቼ «መናኸሪያ አድርሰኝ» አልኩት።

መካኒኩ ምሳውን በልቶ እጁን ሲታጠብ ደረስኩ። ያየሁትን ነገርኩት። ፔዳሉ በእጅ የሚሠራ ሆኖ እንዲገጠም፣ ባለቤቴ ራሱ እንዲነዳት እንደምፈልግ ነገርኩት። «ግን ለእሱ አትንገረው» አልኩት። «ተስፋ ሰጥተነው ቢቀርስ? እስቲ መጀመሪያ ይቻል እንደሆን እንይ።»

ሰውዬው ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ተቀያየረ። አሳለው። የታጠበውን እጅ እንደገና ታጠበ።

«እትዬ… እንደው እርስዎ መንዳት አያምርዎትም?»

«እኔ? መሪ ይዤ? እግዚአብሔር ያውጣኝ።»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። አንዳንዴ ሰው ያምረዋል ብዬ ነው።» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። «እሺ። ጌታ ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጋራዥ ቀረች። በደወልን ቁጥር «ካምቢዮው ከሻሸመኔ አልመጣም» ይላል። ሻሸመኔ እኮ ቅርብ ናት፤ ቁርስ በልተህ ሄደህ ለምሳ ትመለሳለህ። ቀናቱ ግን እንደ ሐይቁ ውኃ ዝም ብለው ተኙ። ጠዋት ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል። ክራንቹን ለማስገባት ሲቸገር ሾፌሩ ወርዶ ይደግፈዋል፤ «እግዜር ይማርዎት» ይለዋል። ማታ ስንቀመጥ ሬዲዮ እንከፍታለን። እኔ ምስር ስለቅም አንዳች ዜማ አንጎራጉራለሁ፤ የመካኒኩ መዝሙር መሆኑ ትዝ ሲለኝ አማትቤ እተወዋለሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፌ ላይ አገኘዋለሁ። ሌሊት በሕልሜ መኪናዋ ያለ ሾፌር በሐይቁ ላይ ትሄዳለች፣ ጎማዋ ውኃውን ሳይነካ፣ እኔም በዳር እየሄድኩ ባለቤቴ የት ወረደ እላለሁ።

እናቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። አርጅታለች፤ ጆሮዋ ስለከዳት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጮኼ ነው የማናግራት። ሰላምታዋ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«እመጣለሁ እማዬ፣ ፈቃዱ ከሆነ።»

«ፈቃዱማ አለ። አንቺ ነሽ የጠፋሽው።»

አውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ አዲስ አበባ ላይ ማደር አለበት፤ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ለእናቴ ይህን አልነግራትም። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ይሰማል፣ ጋዜጣውን ይገልጣል።

አንድ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ ወደ በራችን በፍጥነት ሲመጣ በመስኮት አየሁት። በሩን አንኳኳ፤ ባለቤቴ ክራንቹን አንሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። ጸሐፊው አንገቱን አስግጎ መኪናዋ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ፣ የዘይቱን ጠብታ አየ።

«ውይ፣ ለካ ገና ናት» አለ። «አይ፣ ምንም አይደል ጋሼ። ከታች መኪና ያላቸውን እንጠይቃለን። እርስዎ ይግቡ፣ አይቸገሩ።»

«ማን ታሞ ነው?»

«ግቡ፣ ግቡ። እናንተን ማስቸገር ነው።»

ባለቤቴ ሳይገባ ቆየ። ቀኑን ሙሉ ማን እንደታመመ የነገረን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከሰው ሰማን፤ ከኋላችን ያለችው አሮጊት ናት፣ ደህና ሆና ተመልሳለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ባለቤቴ። ሱቁን በዚያ ቀን አልከፈተም። የክራንቹን ጎማ ሲፈታ፣ ሲያጠብቅ ዋለ፤ ያላረጀ ጎማ ነው።

መካኒኩን በአካል ሄጄ ልቆጣው ቆረጥኩ። ረቡዕ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ በዚያው ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ጋራዡ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ካምቢዮውን ነው። ሸራ ጣል ተደርጎበት ከበሩ ጀርባ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል፤ ሸራው በተገለጠበት በኩል ታጥቦ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ ያየሁት ባለቤቴን ነው። የመኪናችን የሾፌር ወንበር ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በእጁ ደረቱን እየነካ ለመካኒኩ ያሳየዋል።

«እስከዚህ ነው የምትደርሰው። ትንሽ ናት። ስለዚህ ወንበሩ ከፍ ይበል። ፔዳሉም ወደ እሷ ይጠጋ፣ እንዳትንጠራራ። ጉልበቷን ያማታል።»

«ስንት ጊዜ ነገሩኝ ጋሼ» ይላል መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶኝ። «ቁመታቸውን ከራሴ ሚስት ቁመት ይበልጥ አውቄዋለሁ።»

«የማን ቁመት ነው?» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ባለቤቴ እጁ ደረቱ ላይ እንደሆነ ቀረ። መካኒኩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ቁልፉን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቅ ያዘው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ።

«ተመስገን ጌታዬ። ዛሬ ተገላገልኩ።» ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «እትዬ መጥተው በእጅ አድርግለት፣ እንዳትነግረው አሉ። ከእሳቸው በፊት ደግሞ ጋሼ መጥተው ለእሷ የሚሆን አድርገህ ሥራ፣ እንዳትነግራት ብለዋል። ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ለአንዱ ብናገር ቃሌን በላሁ፤ የአንዱን ብሠራ ሌላውን ከዳሁ። ምን ላድርግ? ካምቢዮው አልመጣም እያልኩ ዋሸሁ። በእናንተ የተነሣ ስንት ጊዜ ንስሐ እንደገባሁ ጌታ ነው የሚያውቀው። ፓስተሩ ራሳቸው “ምን ዓይነት ካምቢዮ ነው” እስኪሉኝ ድረስ።»

እኔ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

«ለእኔ የሚሆን ማለት ምንድን ነው?»

«እናትሽ በደወሉ ቁጥር እሰማለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አውቶማቲክ በነበረች ጊዜም ያን ዳገትና ቁልቁለት ልሞክረው አልደፈርኩም፤ አባይ በረሃን ማን በዚያ ካምቢዮ ይወርዳል? ይሄ ግን ማርሽ አለው። አንቺ ትለምጃለሽ። ጥንቁቅ ነሽ። ቀስ ብለሽ እያደርሽ… እኔም ከጎንሽ ሆኜ።»

«አንተስ?»

«እኔ ነድቻለሁ። ይበቃኛል።»

እንዲህ ሲል ድምፁ ደህና ነበር። ክራንቹን የያዘው እጁ ግን ጅማቱ ተገትሯል። የእድሩ ጸሐፊ በር ላይ ቆሞ «እርስዎ ይግቡ» ሲለው የባለቤቴ ፊት የነበረው ሁኔታ ትዝ አለኝ።

«እኔ እናቴ ጋ የሚያደርሰኝ መኪና አልጎደለኝም» አልኩት። «አውቶቡስ ሞልቷል። የጎደለኝ ሾፌሬ ነው።»

ይህን በሰው ፊት በመናገሬ አፈርኩ። መካኒኩ የሚሠራ መስሎ ዕቃ ሣጥኑን ያገላብጣል። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ እንዳለ ግራ ክንዱን ዘርግቶ ተመለከተው፤ አዲስ ዕቃ እንደሚያይ ሰው።

«በእጅ ይቻላል?» አለ ቀስ ብሎ።

መካኒኩ መጥቶ ክንዱን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። «ይሄ ክንድ? ዕድሜ ልኩን ሙሉ ሰው የተሸከመ ክንድ ነው እኮ ጋሼ። ይሄስ ካምቢዮውንም ብቻውን ያነሣል።»

ካምቢዮውንና ፔዳሉን ከገጠመ በኋላ መጀመሪያ የባጃጅ ማንሻ ሞከረ፤ ገና ሲስበው ተቀነጠሰ። የባጃጅ ፍሪሲዮን ለባጃጅ ነው። ከዚያ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ የእጅ ፍሬን ከመሪው በስተግራ በየደ፤ በወፍራም ሽቦ ገመድ ከፔዳሉ ጋር አያያዘው። ፔዳሉ ለምን አይወጣም ብዬ ጠይቄው ነበር። «ካምቢዮው የሚያውቀው እሱን ነው» አለኝ። «እጃቸው ፔዳሉን ይስባል፣ ፔዳሉ ሥራውን ይሠራል።» ብየዳው ሲያልቅ ባለቤቴ ገብቶ ተቀመጠና ብረቱን ወደ ራሱ ሳበ።

እኔ በተከፈተው በር ጎንበስ ብዬ ወለሉን አያለሁ። ሦስተኛው ፔዳል ማንም ሳይረግጠው ቀስ ብሎ ወረደ። ግራ እግሩ ከአጠገቡ ተቀምጧል፣ ጫማው አዲስ እንደተገዛ ነው፣ ግራ ጫማው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ፔዳሉ ግን እስከ ወለሉ ወርዶ፣ ቆይቶ፣ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ወረደ። ሳየው የቀረ ነገር፣ የማይታይ እግር፣ ከሕፃንነቱ ተለይቶት የትም ሲዞር የኖረ፣ መጥቶ ቦታውን የያዘ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አማተብኩ ብቻ።

አስፋልት አንወጣም ብዬ አስምያቸዋለሁ። ከከተማው ዳር፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ገና ያልተጨረሰ ሰፊ መንገድ አለ፤ ጠዋት በጣም ማልዶ ሰው አይገኝበትም። መካኒኩ እስከዚያ ነድቶ አደረሰን፣ ወረደና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ቦታውን ያዘ። ብረቱን በግራው ሳበ፤ ቀኝ እጁ መሪው ላይ ነው። ሞተሩ ይሠራል። ሦስታችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር አለ፣ ግን አይመጣም። ከዚያ ነገሩ ገባን። ማርሹን የሚያስገባ እጅ አልቀረም።

«ሦስተኛ እጅ ሳልሠራ ቀረሁ» ብሎ መካኒኩ ጭንቅላቱን ያዘ።

የሆነው እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግራ እጄ ማርሹ ላይ ነበር። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፣ ማርሹ በመካከላችን ነው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ አንቺ ሳይሆን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ፊት።»

ገፋሁት። ገባ። ቀስ አድርጎ ብረቱን ለቀቀ፤ መኪናዋ አንዴ ነጠር አለችና ሄደች። ሄደች በቃ። ጭጋጉ ከፊታችን ይከፈታል፣ ከኋላችን ይዘጋል። በመንገዱ ዳር የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ያዩናል፣ አይነሡም። ሐይቁ የት እንደሚጀምር፣ ሰማዩ የት እንደሚያልቅ አይለይም።

«ሁለት» ይላል፤ ፔዳሉ በራሱ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ እስባለሁ።

«ሦስት» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማልደን መሄድ ጀመርን። መካኒኩ ያደርሰንና ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። እኔ ቀስ በቀስ «ሁለት» እስኪለኝ መጠበቅ ተውኩ፤ የሞተሩን ድምፅ ስሰማ እጄ ያውቃል። በእነዚያ ጠዋቶች ነው ስለ እግሩ የነገረኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በልጅነቱ ጓደኞቹ በሐይቁ ሲዋኙ ልብሳቸውን የሚጠብቀው እሱ እንደነበር፤ በሕልሙ ግን ሁልጊዜ በሁለት እግሩ እንደሚሄድ፤ ሲነቃ እንደማያዝን፣ ግን ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለ እንደሚጠፋው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ ይሆናል የነገረኝ። እኔም ስለ እናቴ ነገርኩት፤ ከመጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ድምፅዋ ከፊቷ ይበልጥ እየቀረበኝ፣ ፊቷ እየራቀኝ እንደሄደ። እንደዚያ ተቀምጠን፣ እኔ ግማሹን እሱ ግማሹን እየነዳን፣ ለሌላ ለማንም የማናወራውን አወራን።

አንድ ቅዳሜ መካኒኩ ከድንጋዩ ተነሥቶ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«መላ አገኘሁ ጋሼ። ከተጣለች መኪና የፍሬን ፖምፓ አግኝቻለሁ። ኃይሉን ዘይቱ ይሠራዋል፤ ማንሻው ቀላል ይሆናል፣ ከመሪው ጀርባ አስቀምጠዋለሁ። መሪውን ሳይለቁ በግራ እጅዎ ጣት ይስቡታል፣ ቀኝዎ ለማርሹ ነፃ ይሆናል።» ወደ እኔ ዞረና ጥርሱን አሳየኝ። «እትዬን ከሥራ ላሰናብታቸው ነው።»

ባለቤቴ አየኝ። ጠየቀኝ ማለት ነው፤ አሁንማ አስተያየቱን አውቀዋለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ ግን እንደ ጠዋቱ ሰማይ አንድ ጥግ ደመና ነበረው። አንድ ቃል ብቻ፣ «ምን ያስቸኩላል» ብል እንደሚተወው አውቅ ነበር። ከጎኔ ሁኚ ቢለኝ ዕድሜዬን ሙሉ እሆን ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሲታመም በሩን ለሚያንኳኳው ሰው እኔ እስክለብስ የሚጠብቅ ሾፌር አይሆነውም።

«ይሠራ» አልኩ። «ዛሬ በዓል የለም።»

ተሠራ። መካኒኩ ለመኪና ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ፊት አቅርቦ አስመረመራት፤ ባለቤቴ በፊታቸው ነዳ፣ ዞረ፣ ዳገት ላይ አቁሞ ተነሣ። እኔ አጥር ላይ ተደግፌ ሰአሊተ ምሕረት ስል ነበር። ሲፈቀድለት ጸበል ወስጄ ረጨኋት፤ መካኒኩም ኮፍያውን አውልቆ በራሱ መንገድ ጸለየላት። ማናችንም በማናችንም አልሳቅንም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በሳምንቱ መካከል፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። የእድሩ ጸሐፊ ነው። ሴት ልጁን ምጥ ይዟታል፣ ደግፏት በር ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ደህና ከሆነች ብዬ…»

ባለቤቴ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቆልፍ ወጣ። እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት፤ በልማድ በቀኝ በኩል ዞሬ በሩን ከፈትኩ። ወንበሩ ላይ ጸሐፊው ተቀምጧል፤ ልጅቱና እናቷ ከኋላ ናቸው። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ቆምኩ።

«አንቺ ቤት ጠብቂ» አለኝ ባለቤቴ። ፊቱን አየሁት። እንደዚያ ሲቸኩልና እንደዚያ ሲረጋጋ አንድ ላይ አይቼው አላውቅም።

«ማርያም ትቅደማችሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁላቸው። የግቢውን በር ከፈትኩ፤ መኪናዋ በአጠገቤ አለፈች።

ጭጋጉ መንገዱን ሞልቶታል። ቀይ መብራቷ ትንሽ ታየችኝና ጠፋች። ድምፅዋን ግን እሰማለሁ። ሁለተኛውን አስገባ። ከሱቆቹ ማዕዘን ጋ ሦስተኛውን፤ ትንሽ ዘገየብኝ፣ ግን ገባ። ግራ እጄ ከነጠላዬ ሥር መንቀሳቀሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። በእኔ ጥንቃቄ የተነሣ በሐይቁ መንገድ ላይ ከሦስት አልፈን አናውቅም ነበር። ወደ ዋናው አስፋልት ሲወጣ ሞተሩ ለአንድ አፍታ ዝም አለ፣ ፔዳሉ ሲወርድ ታየኝ፣ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ ለስልሶ ቀጠለ። አራተኛው የት እንደሚገባ እጄ አያውቀውም። ድምፁ ከሌላው ከተማ ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል ቆሜ ሰማሁና በሩን ሳልዘጋ ገባሁ።